የጋሽ ሱሩር ስኮርታ

ተሰማ ጠዋት ጠዋት ጎማ ሲደበድብ ሰፈሩ ይነቃ ነበር። እውነቴን ነው! በጋምቤላ ከተማ ጎሕ ሲቀድ ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ የእሱ የብረት መፍቻ ነበር። የሚነዳውን አምቡላንስ እየዞረ አራቱንም ጎማ በመፍቻው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፤ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ነፋሱ ሙሉ የሆነ ጎማ መፍቻውን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ የጎደለው ዱብ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሱ የነፋስ መለኪያውን ያወጣል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ መለካት የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም። በዚህ አገር ሙቀት ጎማ ያብጣልና መለኪያው ውሸታም ይሆናል።

ስኮርታውንም አይምርም። መለዋወጫው ጎማ ከመኪናው ሆድ ሥር በሰንሰለት ስለሚንጠለጠል አብዛኛው ሹፌር ዓመት ሙሉ አያየውም፤ መኖሩ ብቻ ይበቃዋል። ተሰማ ግን ተንበርክኮ ሰንሰለቱን ያላላል፣ ጎማውን መሬት ያወርዳል፣ ይመታዋል፣ ይለካዋል፣ ጎንና ጎኑን በመዳፉ ይዳብሳል። ስንጥቅ በእጅ እንጂ በዓይን አይገኝም ባይ ነው። ወጣት ሹፌሮች ሲስቁበት፣ "ሳቁ፣ ሳቁ! ሁለት ደቂቃ ናት። ሁለት ደቂቃ የሌለው ሰው ቤቱ ይተኛ እንጂ መኪና አይንዳ" እያለ ልክ ልካቸውን ይነግራቸው ነበር። ያኔ ነው እንግዲህ። አሁን ለማንም ምንም አይናገርም።

በጋምቤላ ሹፌሮች መሃል አንድ ወግ አለ። ዲማ የሚሄድ ሰው በአንድ ስኮርታ አይሄድም። የዲማ መንገድ ጎማ በላ መሆኑን ወርቅ ፈላጊ የሚያመላልስ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ተጓዡ በዚያ ሳምንት መኪናው ከቆመበት ጓደኛው ሁለተኛ ስኮርታ ይዋሳል። መኪኖቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጎማቸውም አንድ ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፤ አለቆቹም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። የተዋሰው ሰው ሲመለስ በእጁ አምጥቶ፣ በእጁ ሰቅሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ያዋሰው ደግሞ ያንን ጎማ አይመታም፣ አይለካም። ነውር ነዋ! "አላምንህም" ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር በምን ይለያል?

ጋሽ ሱሩር ስኮርታውን የተዋሰው አምቡላንሱ ለጥገና ጋራዥ በገባበት ሳምንት ነው። ሱሩር የአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ ስድሳን የተሻገረ፣ ዝምተኛ፣ ጢሙ ሙሉ በሙሉ የነጣ። ተሰማ ገና ልጅ እግር ሆኖ ከጎሬ ወደዚህ ሲወርድ ማደሪያ የሰጠው እሱ ነው። መሪ ያስያዘውም እሱ። የተሰማ ሚስት ፀዳለ በወባ ስትወድቅ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ መቱ ያደረሳትም እሱ። እንዲህ ያለ ሰው "ስኮርታህን" ሲል ተሰማ ምን ይበል? "መኪናዬንም ውሰደው ጋሼ" ነው ያለው።

ሱሩር ዲማ እያለ እህቱ ዘሃራ አረፈች። ስልክ ሳይገባ ቀርቶ ሳይቀብራት ቀረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተመለሰና፣ ከእህቱ ቤት በቀጥታ፣ ዓይኑ እንደቀላ ተሰማ ግቢ መጣ።

"ዛሬ ባይሆንስ ጋሼ? በዚህ ሐዘን ላይ ጎማ ይታሰባል?" አለው ተሰማ ከደጅ እየተቀበለው።

"ጎማህ ነገ ያስፈልግህ ይሆናል" አለ ሱሩር። ጎማውን አውርዶ አንከባለለና ከጋራዥ ከወጣው አምቡላንስ ሥር ገባ።

"ተው እንጂ፣ እኔ እሰቅለዋለሁ።"

"ወግ አታፍርስብኝ ልጄ።"

ተሰማ ቆሞ ሲያይ አንድ ነገር ዓይኑን ወጋው። ጎማው ንጹሕ ነው። ከዲማ የመጣ ጎማ እንዴት ንጹሕ ይሆናል? የዲማ ቀይ አፈር እኮ በሳምንትም አይለቅ። ታጥቧል ማለት ነው። ሐዘንተኛ ሰው እህቱን ሳያለቅስ ጎማ ሲያጥብ ታየውና አሳዘነው፤ ሌላውን አላሰበም። ወይ ደግሞ አስቦ ዋጠው። ይህን ዛሬም እሱ ራሱ በውል አያውቀው።

ሻይ ጠጡ። ስለ ዘሃራ ጥቂት አወሩ። ሱሩር ተሰናብቶ እንደወጣ ግን ተሰማን አላስችል አለው። የሠላሳ ዓመት አመል እንዲህ በቀላሉ ይተዋል እንዴ! መፍቻውን አንሥቶ አንገቱን ከመኪናው ሥር ሰደደ። እጁ ገና ሰንሰለቱን እንደነካ ከጎማው ማዶ ሁለት ጫማ ሲቆም አየ። የጋሽ ሱሩር ጫማ ነው።

"ኮፍያዬን ረስቼ" አለ ሱሩር። ጎንበስ ብሎ መፍቻውን አየ። "ምን ፈልገህ ነው?"

የተሰማ ፊት ጋለ። "ምንም... ሰንሰለቱን ላጥብቅ ብዬ።"

"አጥብቄዋለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ጋሼ።"

ሱሩር የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ተሰማን የሀፍረት ላብ አጠመቀው። ለዚህ ሰው፣ ያውም በሐዘኑ ቀን! መፍቻውን መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ወርውሮ ወደ ቤት ገባ፤ ለፀዳለም ትንፍሽ አላላት።

ሰኞ ማለዳ እንደልማዱ አራቱን ጎማዎች መታ፣ ለካ። አራቱም እንደ ከበሮ ናቸው። አምስተኛው ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ልይ? አልይ? ከራሱ ጋር ሲሟገት ስልኩ ጮኸ። ከኢታንግ ወዲያ ካለው ጤና ጣቢያ አዋላጇ ሲስተር ኮከብ ናት።

"ተሴ፣ ድረስልኝ! ከወለደች አንድ ሰዓቷ ነው፣ ደሟ አልቆም አለኝ።"

በረረ። የአንዱን ሰዓት መንገድ በሃምሳ ደቂቃ ጨረሰው። ወላዷ ኛኪም ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ጃል በትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ ዘበኛ ነው፤ የሌሊት ዘበኝነት ልብሱን ሳይቀይር ከእግሯ ሥር ቆሟል። የጃል እናት ኛጆክ አራሱን ሕፃን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች። ኮከብ የኛኪምን ሆድ በአንድ እጇ እየተጫነች በሌላው ለሁለተኛው ግሉኮስ የደም ሥር ትፈልጋለች።

"ሆስፒታል ደም አዘጋጅተው እየጠበቁን ነው" አለችው። "በአንድ ሰዓት ውስጥ ከገባን ትተርፋለች። ከዚያ ካለፈ እኔ እንጃ። አምስት ደቂቃ ስጠኝ፣ ይቺን መርፌ ላስገባ።"

አምስት ደቂቃ! እንግዲህ ስሙ። ተሰማ ደጅ ወጥቶ አራቱን ጎማዎች እንደገና መታ። ከዚያ ተንበረከከ። ጉልበቱ አፈሩን ነክቶ፣ እጁ ወደ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ፣ የጋሽ ሱሩር ፊት መጣበት፤ ያ መናገር ፈልጎ የተዘጋ አፍ። "እህቱን እንኳ ያልቀበረ ሰው በእጁ ያሰረውን? ምን ዓይነት ውለታ ቢስ ነኝ?" አለ በልቡ። ማንም አያየውም ነበር። ሱሩር አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ግን ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ መሪው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

ኛኪምን ጭነው፣ ኮከብ፣ ጃልና ሕፃኑን የታቀፈችው ኛጆክ አብረው ገብተው ወጡ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እንደነዳ፣ ጠጠሩ መንገድ ላይ፣ ጧ! የኋላው ቀኝ ጎማ ነው። ከመንገድ ሥራ የወደቀ ስለት ብረት ጎኑን ዘርጥጦታል። መኪናው ወደ ቀኝ ወደ ግራ አለ። ተሰማ ፍሬኑን አልረገጠም፤ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ነዳጁን ለቆ፣ በራሱ ጊዜ እንዲቆም ተወው። ኮከብ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ኔትወርክ የለም።

"አትደንግጡ" አለ። "ስኮርታ አለኝ። አሥር ደቂቃ ነው።"

በሽተኛ የተኛችበት መኪና በክሪክ አይነሣም፤ ከተንሸራተተ ሰው ይፈጃል። ስለዚህ እሱና ጃል ኛኪምን ከነቃሬዛዋ አውርደው ሁመር ዛፍ ጥላ ሥር አስተኟት። ጃል ግሉኮሱን ከፍ አድርጎ ያዘ። ተሰማ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈ፣ መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ የጎማውን ብሎኖች አላላ፣ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ስለሆነ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አነጠፈ፣ አነሣ፣ የተቀደደውን ጎማ ነቀለ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ፈጥኖና አጥርቶ ሠርቶ አያውቅም። ደስ ብሎታል፤ አዎ፣ ደስ ብሎታል! እጁን ያምነዋል። ተንበርክኮ ሰንሰለቱን ለቀቀው።

ስኮርታው መሬት ላይ ወደቀ። ዱብ አለና ቀረ።

ተሰማ ድምፁን ሰማ። ማየት አላስፈለገውም። እንዲያም ሆኖ ጎትቶ አወጣው፤ ወደ ላይ ዞሮ የነበረውን ጎኑን በመዳፉ ዳበሰ፤ ጣቶቹ ሰጥመው ገቡ። እጅ የሚያህል ስንጥቅ ነው፣ ያረጀ፣ ጠርዙ የሻከረ። ደግሞም የእሱ ጎማ አይደለም። የእሱ ላይ በስለት የጫራት ትንሽ ምልክት አለች፤ ይህ ላይ የለችም።

"ምን ሆነ?" አለች ኮከብ ከጥላው ሥር።

"ነፋስ የለውም።"

"ንፋዋ!"

"አይይዝም እቴ። ተቀዷል።"

ኮከብ አየችው። "አንተ? የአንተ ስኮርታ?" አለች። ልትሰድበው አልነበረም፤ አላመነችም እንጂ። ተሰማ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ስድብ አልተሰደበም።

ባዶውን ጎማ ገጠመው፤ ሌላ ምን ያድርግ? ኛኪምን መልሰው ጫኑና በባዶ ጎማ ነዳ። ላስቲኩ ተልጦ ተልጦ አለቀ፤ ከዚያ በቸርኬው፣ በራቁት ብረት ነዳ። መኪናው እየጮኸ፣ ከኋላ ሕፃኑ እየጮኸ፣ ኮከብ "ኛኪም፣ ዓይንሽን ግለጪ፣ ኛኪም!" እያለች። ደረቁ ወንዝ መሻገሪያ አሸዋ ላይ ብረቱ እስከ ወገቡ ሰመጠ። አበቃ። ተሰማ በእጁ አሸዋ ዛቀ፤ ጃልም አብሮት ዛቀ። ጥፍራቸው ደማ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ መጣና ኛኪምን ከሹፌሩ ጎን አስተኝተው፣ ኮከብ አብራት ገብታ ወሰዷት። ጃል መወጣጫው ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሞታ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ጠየቀ፤ ተሰማ "ጎማ ፈነዳ፣ ስኮርታው ነፋስ አልነበረውም" ብሎ ጻፈ። ማንም ጎትጉቶ አልጠየቀውም። ማን ተሰማን ይጠረጥራል? "አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው" አሉት። በቀብሩ ዕለት ደግሞ ጃል ሰው መሃል እጁን ጨብጦ፣ እስኪያመው ጨብጦ፣ "አንተ ጎበዝ ሹፌር ነህ። በብረት ነዳህ። እኔ አይቻለሁ። እኔ አልረሳም" አለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለ ተሰማ። ያ ምስጋና ከማንም እርግማን ይብስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሱሩር መጣ። ወሬውን ሰምቷል። ቤት አልገባም፤ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ግቢው መሃል ቆመ።

"ያንተን ጎማ የዲማ መንገድ ቀደደብኝ" አለ። "ልተካው አስቤ ነበር። የዘሃራ መርዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር ከእጄ ወደቀ። ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ የራሴን አሮጌ፣ የተሰነጠቀ ስኮርታ አጥቤ አመጣሁልህ። ልነግርህ ነበር፤ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ሳላበላሽብህ ኖሬ እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

"ጋሼ፣ ሰው ሞተ እኮ" አለ ተሰማ። "እንዴት ዝም ትለኛለህ? እንዴት አስቻለህ?"

"ልነግርህ ስል መፍቻ ይዘህ ሥሩ ገብተህ አገኘሁህ።" ሱሩር ቀና ብሎ አየው። "ወላሂ፣ እፎይ ነው ያልኩት። እሰይ፣ ተሰማ ያየዋል፣ ያገኘዋል፣ ነገ ይቆጣኛል፣ ያልቃል ብዬ ሄድኩ። አንተ እኮ ተሰማ ነህ! አንተ ሳታይ ትነዳለህ ብሎ ማን ያስባል? ለምን አላየኸውም ልጄ?"

ተሰማ ለሦስት ቀን ያጠራቀመው ቁጣ ነበረው፤ ለዚህ ሽማግሌ ያዘጋጀው ስድብ ነበረው። አሁን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። "አንተን አፍሬ" አለ። "አንተን አፍሬ ነዋ ጋሼ!"

ሁለቱም እዚያው ቆመው አለቀሱ። ፀዳለ ከመስኮቱ አይታ የዘሃራ ሐዘን መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች።

"ተነሥ እንሂድ" አለ ተሰማ በመጨረሻ።

"የት?"

"ጃል ጋ። እኔ ያንን ምስጋና ተሸክሜ መኖር አልችልም።"

በሱሩር መኪና ሄዱ። ከመውጣታቸው በፊት ሱሩር ራሱ ተንበርክኮ ስኮርታውን አወረደ፤ ተሰማ መታ፣ ለካ፣ ዳበሰ።

ጃል ከሣር ቤቱ ደጅ ተቀምጦ ነበር። እናቱ ኛጆክ ከአጠገቡ ሕፃኑን በኩባያ ወተት ልታጠጣው ትታገላለች። ጃል ተሰማን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ተነሥቶ በርጩማ አመጣለት። ተሰማ አልተቀመጠም። ቆሞ ሁሉንም ነገረው። ጎማውን አውሶ እንደነበር፣ የሱሩርን ዝምታ፣ የእሑዱን፣ የሰኞ ጠዋቱን፣ ጤና ጣቢያው ደጅ ተንበርክኮ መነሣቱን። ምንም አላስቀረም። ሱሩር መሃል ላይ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ሊል ሞከረና ተሰማ በእጁ አስቆመው። ጃል እየሰማ ለእናቱ በኑዌርኛ ይነግራታል፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም።

ሲጨርስ፣ ተሰማ ጃል ቢመታው ደስ ባለው። ቢሰድበው፣ ቢያባርረው፣ ዘመድ ቢጠራበት ሁሉንም ሊቀበል ተዘጋጅቷል።

ጃል ግን እንዳልገባው ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ጠየቀ።

"ያንን ጎማ ማየት... ብዙ ሰዓት ይፈልጋል?"

"አይፈልግም" አለ ተሰማ።

"ስንት?"

"ሁለት ደቂቃ" አለ።

ጃል ወደ እናቱ ዞሮ ነገራት። ኛጆክ የሰማችውን ያላመነች ይመስል ኩባያውን መሬት አስቀምጣ ሁለት ጣቶቿን ወደ ልጇ አነሣች። ጃል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አሮጊቷ ጣቶቿን ወደ ተሰማ አዞረች፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ኩባያውን መልሳ አንሥታ ሕፃኑን ማጠጣቷን ቀጠለች።